ከአንገት እስከ ዓይን

አንድ ቆዳ አልፊ ሰው ነበረ።

እናኑ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «አባቴ፣ የዚያን የፈውስ አባት መጽሐፍ ከልጄ ራስጌ ካኖርሁ ሦስት ወር አለፈ። ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» ብለሻል። እኔ ትምህርት ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ነው። ስለ እምነት የምከራከርበት ቃል የለኝም። ስለዚህ ቆዳ አልፊ ግን ልንገርሽ። ሳታቋርጪ ስሚኝ፤ ሁለት ጊዜ አልናገረውም።

የሰውየው ቤት ከመንደሩ ጫፍ፣ ከጅረቱ ዳር ነበረ። እዚያ እንዲኖር ያደረጉት የላይኛው መንደር ሰዎች ናቸው። ቆዳውን ይፈልጉታል፣ ሽታውን አይፈልጉትም። የሠራውን ቀበቶ ይታጠቁታል፣ እጁን አይጨብጡትም። ከዓለቱ ሥር ከሚፈልቀው ምንጭም የእሱ ቤት እንስራ እንዳይደርስ ከልክለው ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚጠጣው ከጅረቱ ነው፤ ቆዳ ከሚያዘፈዝፍበት ጉድጓድ ጥቂት ዝቅ ብሎ።

ከሥራው አንዱ ክታብ መስፋት ነበረ። አንድ ደብተራ ጽፎ፣ ጠቅልሎ ይሰጠዋል። እሱ በቀይ ቆዳ ለብዶ፣ በጅማት ሰፍቶ፣ ማንጠልጠያ አበጅቶ ይመልሳል። የዚህ ሥራ ሕግ አንድ ነው። የተጠቀለለ አይዘረጋም። ከተዘረጋ ኃይሉ ይበናል ይባላል። ቢዘረጋውም ማንበብ አይችልም ነበር። ሃያ ዓመት ሰፋ፣ አንድም ቀን አልዘረጋም።

አንዲት ልጅ ነበረችው። ሆዷን ታመመችና ተኛች። ሰውየው ሁለት የፍየል ሌጦ ይዞ ደብተራው ዘንድ ሄደና ክታብ አስጻፈላት። ራሱ ሰፋላት። በዕድሜው ከሰፋቸው ሁሉ እንደዚያ አሳምሮ የሰፋው የለም። በስድስተኛው ቀን ልጅቱ ሞተች።

አስከሬኗን ያጠቡት ሴቶች ክታቡን ከአንገቷ ፈትተው መለሱለት። ደጁ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ በመዳፉ ያዘው። ከዚያ ወስፌውን አነሣና የገዛ ስፌቱን ተረተረው። ለልጁ የተለመነላትን ነገር በዓይኑ ማየት ብቻ ነበር የፈለገው። ወረቀቱን ዘረጋው። ገለበጠው። እንደገና ገለበጠው። በዚህም ገጽ በዚያም ገጽ አንድ ጭረት አልነበረበትም።

ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ባዶን ያውቃል።

ሄዶ ደብተራውን ጠየቀው። ደብተራው አልካደም። «አንተ አታነብ፣ ልጅቱ አታነብ» አለው። «ማን ይከፍተዋል ብዬ ቀለም ላባክን?»

ሰውየው አልመታውም። ወስፌውን በእጁ እንደያዘ ፊቱን አዞረና ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ክታብ አልሰፋም።

በአርባ ዓመቱ ፊደል ቆጠረ። ያስተማረው ጡረታ የወጣ አንድ ወታደር ነው። እሱ የወታደሩን ኮርቻ ሲጠግን ወታደሩ ሀ ሁ ያስቆጥረዋል።

«ያንተ ጭንቅላትማ ደረቅ ቆዳ ነው» ይለዋል ወታደሩ።

«እንግዲያው አዘፍዝፈው» ይላል ሰውየው።

ሁለት ክረምት ፈጀበት። መጀመሪያ ያነበበው ወንጌልን ነበር። ጌታ ለምጻሙን ዳሰሰው ከሚለው ቦታ ሲደርስ ጣቱን እዚያው ላይ አቆመ።

«ዳሰሰው ነው የሚለው?» አለ።

«እንዲያ ነው የሚለው።»

«በእጁ?»

«በእጁ ነዋ፤ በምን ሊዳስሰው ኖሯል?»

ሰውየው የገዛ እጁን አገላብጦ አየ። ማንም የማይጨብጠውን እጅ።

ከዚያ በኋላ የታመመ ሰው አለ ወደተባለበት ቤት ሁሉ እየሄደ እጁን ጭኖ ይጸልይ ጀመር። ከላይኛው መንደር የሚያስነካው አልነበረም። በር ላይ ሆኖ ይጸልይና ይመለሳል። መጀመሪያ ያስነካችው ልጆቿ የተዉአት አንዲት አሮጊት ናት። «ከዚህ የባሰ ምን እሆናለሁ፤ ና ንካኝ» አለችው። ነካት፣ ጸለየላት። በሳምንቱ ከጫካው ዳር ጭራሮ ስትለቅም ታየች። ከዚያ ወዲህ ደጁ ሰው አጥቶ አያውቅም። በዚያ አገር በድውይ ላይ እጅ ጭኖ መጸለይን የጀመረ እሱ ነው ይባላል።

ለጸሎቱ ከማንም ምንም አይቀበልም። ቆዳ ማልፋቱንም አልተወም፤ የእጁን ሥራ እንጂ የሰው እንጀራ አይበላም። ክታብ ያሰረ ሰው ሲመጣበት ስፌቱን ይተረትርና ወረቀቱን በባለቤቱ ፊት ይዘረጋል። «አንብበው፤ ካልቻልህም ላንብብልህ። ሳታውቀው ግን አትሸከም» ይለዋል።

ከጸለየ በኋላ ደግሞ ሁሉንም አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃል። ቤትህ የት ነው? ውሃ ከየት ትጠጣለህ? ካንተ በፊት ማን ታመመ? የሚመልሱለትን በወፍራም ደብተር ይጽፋል። ሰዎቹ ጥያቄውን የጸሎቱ መዝጊያ አድርገው ያዩት ነበር። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ይመልሱለታል። አንዱማ «ውሃ ከየት ትጠጣለህ?» ቢለው «አሜን» አለው።

እንዲህ ሠላሳ ዓመት ኖረ። ብዙ ሰው ከአልጋው ተነሣ። ከተነሡት ግን ብዙዎቹ ተመልሰው ይመጡ ነበር። እነሱ ባይመጡ ልጆቻቸው ይመጣሉ። ሰው ሁሉ «እምነታቸው ጎድሎ ነው» አለ። አንቺ ስለራስሽ እንዳልሽው ማለት ነው። እሱ ግን እንዲያ አላለም። ደብተሩን ገለጠ።

አንድ ሰንበት ከቤቱ ጥላ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። ተመልሰው የታመሙት ሁሉ ከጅረቱ የሚጠጡ ናቸው። ከዓለቱ ምንጭ ከሚጠጡት አንድም ተመልሶ የመጣ የለም። በዚያ ዘመን መንደሩ ሰፍቶ ወደ ሜዳው ወርዶ፣ ሌሎች ቆዳ አልፊዎችም ከእሱ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው ነበር። ግማሹ ሰው የሚቀዳው ከቆዳ አልፊዎቹ ጉድጓድ በታች ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሞተ ከብት ቆዳ ከነደሙ ይዘፈዘፋል። ዝናብ ሲጥል ሞልቶ ወደ ጅረቱ ይገለበጣል።

ሰውየው ጣቱን በየመስመሩ እያስኬደ ወደ ኋላ ተመለሰ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ፊደል በተማረ ሰሞን በተጣመመ ጽሕፈት የጻፈው የልጁ ስም ነበረ። ቤቷ፣ ከጅረቱ ዳር። ውሃዋ፣ ከጅረቱ። ከእሷ በፊት የታመመ፣ ማንም የለም።

ከጅረቱ ዳር የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው።

ጎረቤቶቹ ከደብተሩ ላይ ተደፍቶ አገኙት። ቀኝ ጎኑ ሞቶ፣ ምላሱ ተሳስሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአፉ አንድ ቃል አልወጣም።

በግራ እጁ መጻፍ ተማረ። ከደብተሩ ንጹሕ ገጽ ይገነጥልና አምስት መስመር ይጽፍበታል። በገጹ ሁሉ ላይ የሚጽፈው ያንኑ አምስት መስመር ነው። ለመቶ ሃያ ቤት መቶ ሃያ ገጽ ጻፈ። ስምንት ወር ፈጀበት። ሲጨርስ በምልክት ሰዎቹን አስጠራና ለየቤቱ አንድ አንድ ገጽ እየጠቀለለ አደለ።

ሰዎቹ ተንበርክከው ተቀበሉት። ሳሙት፤ ግንባራቸውን አስነኩት። የዘረጋው አልነበረም። ማንበብ የሚችሉም ነበሩባቸው፤ እነሱም አልዘረጉትም። እንደተጠቀለለ ወደ ቆዳ ሰፊዎቹ ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ሊጠይቀው መጣ። በአንገቱ ላይ በቀይ ቆዳ የተለበደ፣ በጅማት የተሰፋ አዲስ ክታብ ተንጠልጥሏል። አንገቱን ደፋ አድርጎ አሳየው።

«አባታችን፣ ጽሑፍዎን ከሥጋዬ አልለየውም» አለ።

ፈዋሹ አየው። ስፌቱን አወቀው፤ ለቆዳ ሰፊዎቹ ያን ስፌት ድሮ ያስተማራቸው እሱ ነበር። ግራ እጁን ሰደደና ከገበሬው አንገት ሊበጥሰው ጨበጠው። እጁ አቅም አልነበረውም። ገበሬው ዓይኑን ጨፍኖ «ተባረክሁ» አለ። ከደጅ የነበሩት «በእጁ እየባረከው ነው» ተባባሉና ተሰለፉ። እሱ የያንዳንዱን ክታብ ለመበጠስ ይታገላል፤ እነሱ ተባርከናል እያሉ ይወጣሉ። እንባው ሲወርድ ባዩ ጊዜ «የደስታ ነው» አሉ።

በሳምንቱ ሞተ።

አንድ ሰው ልጁን የገደለውን ነገር ሠላሳ ዓመት ፈልጎ አገኘ፤ ሲያገኘው ድምፁ ተወሰደ፤ በጽሑፍ ቢናገር ሰፍተው ዘጉበት። የዘጉበት ጠላቶቹ አይደሉም። የሚወዱት ናቸው።

በክብር ቀበሩት። ድሮ እጁን ያልጨበጡት የላይኛው መንደር ሰዎች ቃሬዛውን ተሸከሙ። ሕይወቱን እየተረኩ፣ ማን ከምን እንደዳነ እየቆጠሩ አመሹ። በሽታው ግን አልቆመም። ክታቡን ያሰረው ሰው ሲሞት «ስፌቱ ላልቶ ነው» ይሉና ለወንድሙ አጥብቀው ይሰፉለታል። አንዳንዱ ክታቡን ከነቆዳው ውሃ ውስጥ ነክሮ ያን ውሃ በሽተኛውን ያጠጣል። ውሃው የተቀዳው ከጅረቱ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ።

በሜዳው ላይ አንዲት የሸማኔ መበለት ነበረች። ባሏን ቀብራለች፤ ሁለት ልጆቿን ቀብራለች። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው። እሱም ሆዱን ያዘውና ተኛ። ሴቲቱ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፤ ለጎረቤቶቿ ደብዳቤ ሲመጣ የምታነበው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ልጁ ውሃ ለመናት። ቀና አድርጋ ስታጠጣው የአንገቱ ክታብ ከጣሳው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ያኔ ልብ ብላ አየችው። መጀመሪያ በባሏ አንገት ነበር። ከዚያ በትልቁ ልጅ፣ ከዚያ በመካከለኛው። ሦስቱም በየተራ ሲሞቱ ፈትታ ያወረደችው እሷው ናት።

የባሏን ምላጭ አመጣች። ጎረቤቷ ከበሩ ቆማ አየቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ አንቺ ሴት?»

«ልከፍተው።»

«ኃይሉ ቢበንስ?»

መበለቲቱ ሁለቱ ልጆቿ ይተኙበት ወደነበረው ባዶ መደብ በአገጯ አመለከተች። «እስካሁን የሠራው ኃይል ይኸውልሽ» አለቻት።

ጅማቱን በጠሰችው። ወረቀቱ በሰው ላብ ወይቦ ነበር፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ድምፅዋን አውጥታ አነበበች።

«ከጅረቱ አትጠጡ፤ የሚጥላችሁ ውሃው ነው።
የቆዳ ጉድጓዶቹን ድፈኑ፤ መጀመሪያ የእኔን።
የዓለቱን ምንጭ ለሁሉም ክፈቱ፤ ራቀን አትበሉ።
ልጄን የገደላት የእኔ ጉድጓድ ነው።
እኔ ጸልያለሁ፤ ይህን ደግሞ እናንተ አድርጉ።»

ሴቲቱ ጣሳውን አየች። ልጁ ግማሹን ጠጥቶት ነበር። የቀረውን መሬት ላይ ደፋችው።

ወሬው ደረሰና ሰው ተሰበሰበ። ብዙው ሊገሥጻት ነበር የመጣው። አንዱ ክታቡን በእጁ ሸፍኖ «የእሷ እንዲህ ይል ይሆናል» አለ። «የእኔ የበረከት ነው፤ በደረቴ ይታወቀኛል።»

«እንግዲያው ክፈተው» አለችው፣ ምላጩን እያቀበለች።

ከፈተው። ያው ነበር። ምላጩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያው። ያው። ያው። በደጁ ላይ ቀይ ቆዳ እንደ ቅጠል ረገፈ። የሚሰማው የጅማት መበጠስ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ወረቀቱን እንደያዘች ቁጭ አለች። አንዱ ሰው ባለፈው ሰኞ የቀበራትን ሚስቱን ስም እየደጋገመ ይጠራ ነበር።

በመጨረሻ የቀረው ያ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ለፈዋሹ ያሳየው ገበሬ ነው። አርጅቷል። ሦስት ወንዶች ልጆቹን ቀብሯል። በልጅነቱ ዳዊት የደገመ፣ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነው። ከፈተ፤ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያ አውራ ጣቱን ክታቡ ይንጠለጠልበት ከነበረው ከአንገቱ ሥር አሳረፈ። ትንሿን ጣቱን ወደ ዓይኑ ዘረጋት፤ ሸማ እንደሚለካ ሰው።

«ስንዝር ነው» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ከዓይኔ በስንዝር ርቀት ላይ ነበር።»

በዚያው ቀን እንስራቸውን ይዘው ወደ ዓለቱ ምንጭ ወጡ። የላይኛው መንደር ሰዎችም የራሳቸውን ገጽ ከፍተው አንብበው ነበርና የከለከለ አልነበረም። በማግስቱ የቆዳ ጉድጓዶቹን መድፈን ጀመሩ። ሽማግሌው ገበሬ አፈር በቅርጫት ይሸከም ነበር። «ይበቃዎታል፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ሲሉት እንዳልሰማ ሆኖ ይመለስና ሌላ ይሞላል። የመበለቲቱ ልጅ ዳነ። የሽማግሌው ልጆች ግን በተሸከመው አፈር አልተነሡም።

እናኑ፣ የማውቀው ይኸው ነው። አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

ያ ገበሬ እምነት አልጎደለውም። ጎድሎት ቢሆን ኖሮ በአንደኛው ልጁ ሞት ክታቡን አውልቆ ይጥለው ነበር፤ ሲጥለውም ምናልባት ይቀደድና ያነበው ነበር። የጎደለው ሌላ ነው።

ትናንት አንቺ ወፍጮ ቤት በሄድሽ ጊዜ እኔ ከልጅሽ ከይታያል ጋር ቀርቼ ነበር። ሲያንቀላፋልኝ ከራስጌው ያለውን መጽሐፍ ከሐር ጨርቁ ፈታሁት። ገጾቹ ከማተሚያ ቤት እንደወጡ በጠርዛቸው ተጣብቀዋል። ሦስት ወር ሙሉ። በቢላዬ ለያየኋቸው፤ ብትቆጪም ተቆጪ። ንባቤ እንደ በሬ እርሻ ነው፤ ቀስ እያለ ይሄዳል። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ደረስሁ። መጽሐፉን የጻፈው ያ የፈውስ አባት ስለ ገዛ ሕይወቱ ይናገራል። የእህቱ ልጅ እንደ ይታያል ትኩሳት እየተመላለሰበት ነበር። ጸለየለት ይላል። ከዚያ በጀርባው አዝሎት፣ መድኃኒት ወዳለበት ከተማ ሁለት ቀን በእግሩ ሄደ ይላል። መንገዱን ሁሉ ሲጸልይ ነበር ይላል። ሰዎች ይህን ነገር ሲያወሩ ጸሎቱን ያስታውሳሉ፣ መንገዱን ይረሳሉ ብሎ አዝኗል።

ይህን ሳነብ ሰውየው ለዚህ ልጅ ብሎ የጻፈ መሰለኝ። ልጁ ደግሞ ጽሑፉን ተንተርሶ በትኩሳት ይነድዳል። የአንቺ ሐር ጨርቅና የእነሱ ቀይ ቆዳ አንድ ናቸው፤ መጽሐፉም የተኛው ከልጅሽ ራስ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ነው።

ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ይታያልን እኔ አዝለዋለሁ። አንቺ መጽሐፉን ያዢ፤ ጨርቁን እዚሁ ተይው። ከአርባ አንደኛው ገጽ ጀምረሽ፣ ከኋላዬ እየተከተልሽ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። እኔ እየሄድሁ እጸልያለሁ።

ተነሺ።